ያልጠራሁት ስም

ባለፈው ሳምንት ጥርስ ሐኪም ቤት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ዩኩሌሌ፣ ያቺ የሃዋይ ሰዎች ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር፣ ስትንቆረቆር ሰማሁና የጥርሴን ሕመም ረሳሁት።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ከሱዳን አትላንታ ገብተን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ስቶን ማውንቴን የሚባል ሰፈር አንዲት አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ ተሰማ በአገሩ የጦር ሠራዊት ባንድ ክላሪኔት ተጫዋች ነበር፤ መሣሪያው ድንበር ስንሻገር ቀረ፣ እሱም እዚህ መጥቶ ዳውንታውን አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። አለቆቹ ስሙን መጥራት ሲያቅታቸው ቀይ ጃኬቱ ደረት ላይ «ሳም» ብለው አስጠልፈው ሰጡት። እኔ ያን ጃኬት እጠላው ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እኔም ክላሪኔት ለምነፋበት ለትምህርት ቤታችን ባንድ ሚስተር ካኖአ የሚባል የሃዋይ ሰው ዩኩሌሌውን ይዞ አስተማሪ ሆኖ መጣ። የኖታ ወረቀታችንን ሁሉ ሰብስቦ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበትና፣ «የአያቶቼን ዜማ ከሰው አፍ ነው የምትማሩት። በኮንሰርቱ ቀን ደግሞ ከመጫወታችሁ በፊት ማን እንዳስተማራችሁ ስሙን ትናገራላችሁ» አለን።

እኔ ያለ ወረቀት ደንቆሮ ነበርኩ። ክረምቱን ሙሉ ክላሪኔቴ ሲያቃስት ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አባቴ ሊወስደኝ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ዜማውን ሰማ፣ መኪና ውስጥ ገብተን ሂተሩ እስኪሞቅ ድረስም አንድ ሳያዛንፍ አንጎራጎረው። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ የመጥረጊያውን እንጨት እንደ ክላሪኔት ይዞ፣ ጣቶቹን እያነሣ እየጣለ ያሳየኝ ነበር፤ እናቴም «አንተ ሰውዬ፣ ኧረ ቤቱን ጥረግበት!» እያለች ትስቅበት ነበር። እንደዚያን ክረምት ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

በጸደይ የኮንሰርቱ ቀን ሲደርስ፣ «አባዬ፣ ከመጣህ ጃኬቱን ቼንጅ አድርገህ ና፣ ፕሊስ» አልኩት። እሱ ግን እንዳያመልጠው ብሎ ከሥራ በቀጥታ ሮጦ፣ ጃኬቱን እንደለበሰ መጥቶ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። «ሂሩት ተሰማ» ተብዬ ስጠራ ተነሣሁ።

«ያስተማረኝ ሚስተር ካኖአ ነው» አልኩ።

ሚስተር ካኖአ ዜማው ከቤት ተስተካክሎ እንደሚመጣ ያውቅ ነበርና ጠጋ ብሎ፣ «ሌላ ሰውስ?» አለኝ።

አባቴ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። ከኋላዬ ያሉት ልጆች ወደ ጃኬቱ ሲያዩ አየሁ።

«የለም» አልኩ።

ከዚያ ተጫወትኩ፤ አንድም ስሕተት አልነበረበትም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ያጨበጨበውም አባቴ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ሁለተኛው ዙር ላይ ትንፋሽ አጠረሽ እንጂ ጥሩ ነው» አለኝ። አለቀስኩ። «አባዬ፣ አይ አም ሶሪ።»

«ምን ሆንሽ? ሂሩት ተሰማ ብለው ጠርተውሽ የለ? ስሜ ተጠርቷል እኮ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ዜማ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም፣ መጥረጊያውም መጥረጊያ ሆኖ ቀረ።

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔም እዚሁ አትላንታ አጠገብ ሎረንስቪል ቤት ገዝቼ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ሳገባ ለወረቀት ይቀላል ተብዬ የባሌን አባት ስም ወስጃለሁ፣ ያኔ ምንም አልመሰለኝም። በኮንሰርቱ ቀን እኔ እንኳ ብክደው፣ ስሜ ሲጠራ የአባቴ ስም ይከተል ነበር። ዩኩሌሌዋ ገና ሳታቆም ነርሷ በሩን ከፍታ ሂሩት ብላ፣ የአማቴን ስም አስከትላ ጠራችኝ። «የስ» ብዬ ተነሣሁ።