የኢዮብ የገና ድርሻ

ከድሬ ዳዋ የወጣሁት የገና ዕለት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጠዋት ከእናቴ ጋር ቀበሌ ለታሰረው ወንድሜ ለኢዮብ ዶሮ ወጥ አድርሰን ነበር። እናንተ እዚያ የቀራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያን ዓመት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ገና የሚጫወት ጎረምሳ አልነበረም። ግማሹ ታስሯል፣ ግማሹ ጠፍቷል። እናቴ ግን አርባ ሦስቱን ቀን ጾማ፣ ቤተ ክርስቲያን አድራ መጥታ፣ እንደ ወትሮው ድስቷን ጣደች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ፈረሰኛው የኢዮብ ነበር፤ ለይታ አወጣችለት።

በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ የሰፈራችን ልጅ ነው። ሳህኑን ገልጦ አየና፣ «ባለፈው የላኩለት ሽሮ ጨው አንሶታል ብሏል» አላት።

የእናቴ ፊት በራ። «የዛሬውን አስተካክዬዋለሁ በለው።» ከነጠላዋ ሥር ድፎ ዳቦ አወጣች። «ይሄ ደግሞ ያንተ ነው። ጌታ በረት ውስጥ የተወለደው ለታሳሪውም ለጠባቂውም ነው፣ ልጄ።»

«እኛ በጌታ አናምንም፣ እማማ» አለ፣ ዳቦውን ብብቱ ሥር እየወተፈ።

በዚያው ሳምንት የቀበሌ ስብሰባ ላይ የእኔም ስም ተጠርቶ ስለነበር፣ እናቴ ጅቡቲ ከሚመላለሱ የኮንትሮባንድ ሴቶች አንዷን፣ አሚናን፣ ይዛኝ እንድትሄድ ለምናልኝ ነበር። አብረን እንሂድ ብዬ አለቀስኩ።

«እኔ ብሄድ እሱን ማን ያበላዋል?» አለችኝ፣ ሻሹን እንደ አሚና አድርጋ እያሰረችልኝ።

በዕቃ ባቡር፣ በሽንኩርት ጆንያ መሀል ተቀምጠን ሄድን፤ ድንበሩን በእግር ተሻገርን። ሶማልኛዬ ስለሚያጋልጠኝ አሚና «ዱዳ ነሽ» ብላኝ ስለነበር ሁለት ቀን ሙሉ ቃል አልተነፈስኩም። አልከበደኝም። ድሬም እኮ ዝም ብለን ነበር የምንኖረው።

ጅቡቲ የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ ወፍራም ጸሐፊ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«መቼ ገባሽ?»

«ትናንት፤ ከገና ሁለት ቀን በኋላ።»

«ኖኤል ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አንቺ ደግሞ ትናንት ነው የመጣሁት ትያለሽ።»

«የእኛ ገና ሌላ ነው።»

«ጌታችሁ ስንት ጊዜ ነው የሚወለደው?»

«አንዴ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ወረቀት አስጠብቀውት ይሆናል።»

አስተርጓሚው ሳቀ፤ ጸሐፊው አልሳቀም። «የገባችበትን ቀን አታውቅም» ብሎ ጻፈ።

ክፍል ያከራየችኝ ኸድራ የምትባል የሶማሌ ሴት ናት። የድሬን ሙቀት የማማርር ሰው፣ እዚያ እርጥብ አንሶላ ለብሼ መተኛት ለመድኩ። ባጌት የሚሉት ዳቦ ጠዋት ይጣፍጣል፤ ማታ ዱላ ነው። ዓመቱ ዞሮ የገና ጾም ሲገባ ኸድራ ወተት ሰጥታኝ መለስኩላት።

«ወተትም? አርባ ሦስት ቀን?» አለች። «አቦ፣ እናንተማ ሳትሰደዱም ትራባላችሁ።»

በዚያው ጾም ታደለ የሚባል የባቡር መካኒክ አገኘሁ። ከድሬ ከመጣ ወር አልሞላውም። ታስሮ የነበረው እኛው ቀበሌ እንደሆነ ሲነግረኝ፣ ኢዮብን ያውቀው እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አንድ ክፍል ነበርን» አለ። «አምና ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን ጠርተው ወሰዱት። የዚያኑ ዕለት ገድለውታል።»

«ገና ዕለት ምግብ አድርሰንለታል እኮ። ተቀብለውናል።»

«ሽታው ደርሶናል። እዚያው በሩ ላይ ነው የበሉት።»

«ጨው አነሰው ያሉትስ?»

ታደለ መሬት መሬት አየ። «የበላው ሰው ነዋ ያነሰው።»

ገና ደረሰ። ለእናቴ ልነግራት ቆርጬ ፖስታ ቤት ሄድኩ፤ ጎረቤታችን ባለሱቁ ስልክ ስላለው እሱ ጋ አስጠራኋት። እየሮጠች ነው የመጣችው፣ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«እንኳን አደረሰሽ፣ እማዬ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ዘንድሮም ተቀበሉኝ፣ ልጄ! የነጋሽን ሚስት ለልጇ የወሰደችውን ምግብ መለሱባት፤ ልጇ እንደሌለ ገባት፣ አለቀሰች። የእኔን ግን ተቀበሉኝ። እንኳን ሊመልሱ፣ እንጀራ ጨምሪ አሉኝ።»

«እማዬ...»

«ወፍሯል አለኝ ያ በሩ ላይ የሚቆመው ልጅ። ሸሚዙ አላስገባ ብሎታል። አንገቱ ሰፋ ያለ ላኪለት፤ እዚያ ርካሽ ነው ይላሉ።»

አፌን ከፈትኩ። ያ ሁለት ቀን ዱዳ የሆንኩበት አፍ አሁንም እንቢ አለኝ። መጨረሻ ላይ የወጣኝ ቃል፣ «ምን ዓይነት ቀለም ይሁን?» የሚል ነበር።

በማግስቱ አሚና ይዛልኝ የምትሄደውን ሸሚዝ ልገዛ ገበያ ወረድኩ። ሻጩ የአንገቱን ልክ ጠየቀኝ። እኔም እዚያ በር ላይ ቆሞ ዳቦውን ብብቱ ሥር የወተፈውን ልጅ አንገት ለማስታወስ ሞከርኩ።