ያልተሰማኝ መርፌ

መጀመሪያ ያየሁት ደሙን ነው። ነጭ ሳቲን ላይ፣ ከጫፉ አጠገብ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ። አጠገቧ ሌላ። ከላይ የወረደ ነገር መስሎኝ ቀና አልኩ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ አይደማም። ቀጥዬ እጄን ገለበጥኩት። የግራ እጄ ትንሿ ጣት ላይ መርፌ ገብቶ ደሙ ይንጠባጠባል። አላመመኝም።

ከልጅነቴ ጀምሮ በመርፌ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሲወጋኝ "እፍ" ብዬ ጣቴን ወደ አፌ መስደድ ልማዴ ነበር። ያን ቀን እፍ የሚያሰኝ ነገር አጣሁ። "ጎሽ፣ ቆዳዬ ጠንክሯል" ብዬ ኮራሁ። እንዲህ ያለሁ ሞኝ ነበርኩ።

ደሙን በምራቄ አስለቀቅኩት። የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ ከደማ ደሙን እንደ ራሱ ምራቅ የሚያስለቅቀው የለም። ክር አኝኬ፣ አርሼ፣ ነጥቦቹን ደጋግሜ ጠቀጠቅኳቸው። ጠፉ። ኋላ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ምራቅ ነው።

ጊዜው ደርግ ነበር፤ ሐዋሳን አዋሳ እያልን የምንጠራበት ዘመን። አዲስ ከተማ ሰፈር አንዲት የቀበሌ ክፍል ይዤ ብቻዬን እኖር ነበር። በሥራ ቀን በልብስ ሰፊዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ካኪና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ እሁድ እሁድ ቤቴ የግል ሥራ እቀበላለሁ። ጣቶቼ እንጀራዬ ነበሩ። ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም።

ሳቲኑ የሩት ነው። ሩት ታቦር ሰፈር ከእናቷ ከእማማ አስቴር ጋር የምትኖር የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች፤ ሠርጓ ሦስት ወር ቀርቶታል። እማማ አስቴር ዕድሜያቸውን በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ የሠሩ ሴት ናቸው። አብራቸው የሠራች ፈረንጅ ነርስ አገሯ ስትገባ አንድ ፖስታ ትታላቸው ነበር፤ ውስጡ የቀሚስ ቅድ በስስ ወረቀት ታትሞ፣ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ከሱቅ ነው የሚገዙት አሉ። ፖስታው ላይ የጥንት ዘመን ወይዘሮ ተስላለች። ቀሚሷ አንገቷ ድረስ የተዘጋ፣ ወገቡ ጥብቅ ያለ፣ እጅጌው ከትከሻ ላይ እንደ ዱባ የተነፋ፣ ከኋላ ደግሞ ከአንገት እስከ ወገብ ሃያ አራት ትንንሽ ቁልፍ የተደረደረበት ነው። ሩት ያንን ሥዕል እያየች ነው ያደገችው። ሳቲኑንም እናቷ ሱቆች ሳይወረሱ ገዝተው ሣጥን ውስጥ አኑረውት ኖሯል። እንደሱ ያለ ጨርቅ ያኔ አዋሳ ቀርቶ አዲስ አበባም አይገኝም። ከተበላሸ ተበላሸ ነው።

ሩት መመሪያውን እየተረጎመች አነበበችልኝ። "የስፌቱ ትርፍ ቅዱ ውስጥ ተካቷል ይላል፣ እትዬ ዘነቡ" አለችኝ። እኔ መች ሰማኋት! እኛ ሰፊዎች ለስፌት አንድ ጣት ሳንጨምር መቀስ አናነሳም። "ወረቀት ምን ያውቃል" ብዬ በየቁራጩ ዙሪያ የጣቴን ወርድ ጨምሬ ቀደድኩ። የላይኛው ክፍል ብቻ ስምንት ቁራጭ ነበረው።

ከመርፌው በፊት ምልክት አልነበረም ማለት አይደለም። ግራ ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ ዝቅ ብሎ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው የነጣ ቦታ ከወጣ ስምንት ወር ሆኖታል። ቋቁቻ ነው አሉኝ፤ እኔም ቋቁቻ ነው አልኩ። ሎሚ ቀባሁት። አያሳክክም፣ አያምም፣ ሌላው ገላዬ ሲያልበው እሱ አያልበውም። የማያምም ነገር ይዞ ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል?

ከመርፌው ሁለት ሳምንት ቆይቶ የካውያው ነገር መጣ። የከሰል ካውያ ሙቀቱ የሚለካው በጣት ነው፤ ትንሿን ጣት በምራቅ አርሶ ነካ ሲያደርጉት "ጭስ" ካለ ደርሷል። ነካሁት። ጭስ አለ። ጣቴን ግን አላነሳሁም። ምን ያስነሳኛል? አልተቃጠልኩማ። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ ውሃ የቋጠረውን እያጸዳ ዓይኑ ከፊቴ ላይ አልተነሳም።

"አያምሽም?"

"አያመኝም።"

መቀሱን አስቀመጠ። እጅጌዬን ሰብስቦ የነጣውን ቦታ አየና ምንም ሳይናገር ወረቀት ጻፈልኝ። የላከኝ ሻሸመኔ አጠገብ ወዳለው ሆስፒታል ነው። ሰው የዚያን ሆስፒታል ስም ሲጠራ ለምን ድምፁን እንደሚቀንስ አውቅ ነበር።

ማኅበሩን ፈቃድ የጠየቅሁት "ክር ላፈላልግ" ብዬ ነው። አውቶቡስ ውስጥ እጄን ነጠላዬ ሥር ደበቅሁት።

ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፈነኝ። ቆዳዬን በጥጥ ጫፍ እየነካ፣ የነካኝን ቦታ እንድጠቁም አዘዘኝ። ጠቆምኩ። ጠቆምኩ። ከዚያ ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ ትንሿ ጣቴ ላይ ነበር። ክርኔን ዳበሰ፤ ኡልናር የሚባለው ነርቭ እንደ ገመድ ወፍሯል። ከጆሮዬ ጫፍ ቆዳዬን ጫር አድርገው ለማይክሮስኮፕ ናሙና፣ ስሚር የሚሉትን፣ ወሰዱ።

"ሥጋ ደዌ ነው" አለኝ። "ሌፕሮሲ።"

ነጠላዬን ሳብ አድርጌ እጄን ሸፈንኩ።

"ይድናል። ስድስት ወር መድኃኒት ትወስጃለሽ፣ ባክቴሪያው ይሞታል። የተጎዳው ነርቭ ግን እንደነበረ ላይመለስ ይችላል። ዘግይተሻል።"

"ልብስ ሰፊ ነኝ" አልኩት።

"እንግዲያው የማይሰማውን ጣትሽን በዓይንሽ ጠብቂው።"

የጠየቅሁት ስለ ምራቁ ብቻ ነው። የሰው የሠርግ ልብስ ላይ ምራቄ ነክቷል አልኩት። "በልብስ አይተላለፍም" አለኝ። "ስሚርሽም ነጻ ነው። መድኃኒቱን ከጀመርሽ ደግሞ ለማንም አትፈሪ።" አመንኩትም፣ አላመንኩትምም።

ሪፋምፒሲን በወር አንድ ጊዜ እዚያው ፊታቸው እውጣለሁ፤ ዳፕሶን በየቀኑ ቤቴ። ነርሷ ሽንትሽ ይቀላል ብላ ነግራኝ ነበር፤ ሐሳቤ የት እንደነበረ እንጃ። ቤቴ ገብቼ ሳየው "አለቀልኝ!" ብዬ የጮህኩትን ጩኸት ግቢው በሙሉ ሰማ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ "እባብ አየሁ" አልኳቸው። የግቢው ወንድ ሦስት ቀን ዱላ ይዞ እባብ ሲፈልግ ከረመ።

በሚቀጥለው እሁድ ሩት ለልክ መጣች። ቀሚሱ ሰውነቷ ላይ ተዘረፈጠ። ስምንት ስፌት፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጣት፣ አስራ ስድስት ጣት ትርፍ! "እማዬም አብራኝ ትግባበት እንዴ?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የታሰረ ጣቴን አይታ ስትጠይቀኝ "ካውያ ነው" አልኳት። ውሸት አልነበረም። ከዚያ ያለፈ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

መድኃኒቱን በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ክርኔ አመመኝ። ጥርስ እንደሚያምም ያምማል። ጠዋት ስነሳ ትንሿ ጣቴ ታጥፋለች። የቀለበት ጣቴም። ላቃናቸው አልኩ። እንቢ አሉ። በቀኝ እጄ አቃናኋቸው። ስለቃቸው ታጠፉ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። የሩት ሳቲን ፊት ለፊቴ ተሰቅሏል።

"ሪአክሽን ነው" አለ ሐኪሙ። "ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ሲዋጋ ነርቭሽ እየተቆጣ ነው። መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ።" ብዙ ሰው መድኃኒቱ ጎዳኝ ብሎ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። እኔም ሳላስበው አልቀረሁም። የነርቩን ቁጣ የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ጨመረልኝ። እጄን በጀሶ አሰሩት። ሦስት ሳምንት ጨርቅ አትንኪ አሉኝ። ሠርጉ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

ማኅበሩ ውስጥ፣ ወድቄ ተሰበርኩ ስላልኩ፣ ቁልፍ መቁጠርና ዩኒፎርም ማጠፍ ተሰጠኝ። ፕሬድኒሶሎኑ ፊቴን ስለሞላው ጎረቤቶቼ "አማረብሽ፣ ተመቸሽ መሰለኝ" ይሉኛል፤ እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፤ ምን ልበል! ጀሶው ሲፈታ የቀለበት ጣቴ ቀና ብላ ወጣች፤ ከሳምንት በኋላም ጉንዳን የሚሄድባት ይመስል ትነዝረኝ ጀመር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ንዝረት ያስደሰተኝ ነገር የለም። ትንሿም ቀስ በቀስ ተቃናች፤ ስሜቷ ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ከዚያ የቀሚሱን ስምንት ስፌት አንድ በአንድ ፈታሁ። መስፋትን እንደ አዲስ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው፦ ድሮ ጣቴ ጨርቁ ሥር ሆና የምትነግረኝን አሁን ጨርቁን እየገለበጥኩ በዓይኔ አያለሁ፤ ለትንሿ ጣቴ ከቆዳ ቆብ ሰፋሁላት፤ ካውያውን በጣት መንካት ትቼ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እጄን ገልብጬ ቁስል እፈልጋለሁ። ሥራው በፊት ከምሠራው ሦስት እጥፍ ቢዘገይም ስፌቱ የድሮውን ያህል ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር።

ትርፉን ስቆርጥ ያ ደም የነካው ጫፍ አብሮ ወደቀ። በእልህ የጨመርኩት አንድ ጣት ጨርቁን አዳነው። ቁራጩን ከሰል ላይ ጣልኩትና "ተገላገልኩ" አልኩ። አልተገላገልኩም። ሐኪሙ ያለውን አውቃለሁ፣ ጨርቁም ንጹሕ ነው። ግን እያንዳንዱን ስፌት የያዘው እጅ የኔ ነው፤ ለብሳው ሰው ፊት የምትቆመው ሩት ናት። ከሠርጓ በኋላ ከሰው አፍ ብትሰማው ምን ትለኛለች? ብነግራት ደግሞ እኔን ማን ያሰፋኛል?

በመጨረሻው ልክ ነገርኳት። ቀሚሱ ልክክ ብሎላት፣ እኔ አንገቱን በስፒል እየያዝኩ። "ሩት፣ እጄን ያመመኝ ካውያው ብቻ አይደለም። ሥጋ ደዌ ነው። መድኃኒት ላይ ነኝ፤ አይተላለፍም ብለውኛል። ካልፈለግሽው አልቀየምሽም።" እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፣ እኔ ስነካት ወደነበረው ቦታ። ቀሚሱን አወለቀች። አጠፈችና ወንበሩ ላይ አኖረችው። ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ሁለት ቀን በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይሰነጠቃል። በሦስተኛው ቀን እማማ አስቴር መጡ። ሳልቀመጥ ቀሚሱን አቀረብኩላቸው። "ይውሰዱት፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ማን ቀሚስ ጠየቀሽ? ቁጭ በይ!" አሉኝ። እጅጌዬን ሰብስበው የነጣውን እያዩ መቼ እንደወጣ ጠየቁኝ፤ ስለ ሎሚው ሳይቀር ነገርኳቸው። "እኔ የነዚህን በሽተኞች ፋሻ ሳጥብ ነው ልጄን ያሳደግኩት። ይኸው።" አስር ጣታቸውን ዘረጉልኝ። "የሚያናድደኝ በሽታው አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ ቋቁቻ ነው ብለሽ ሎሚ ስትቀቢ መክረምሽ ነው። እኔ አፍንጫሽ ሥር ተቀምጬ!"

"ሩትስ?"

"ፈርታለች፤ አልዋሽሽም። ቀሚሱን ግን ትለብሰዋለች፤ ለሰውም አልተነፈሰችም።"

"እንግዲያው እርስዎ ያልብሷት።"

"ቁልፉስ? ከኋላ ነው፣ እሷ አትደርስበት፤ የኔ ዓይን ደግሞ ትንሽ ነገር አያይም። የሠርጉ ለት ጠዋት መጥተሽ የምትቆልፊላት አንቺ ነሽ።"

ሄድኩ። ሚዜዎቹ ክፍሉን ሞልተውታል። ሩት ፀጉሯን ወደ ፊት ሰብስባ ጀርባዋን ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ስይዝ አንገቷ ደነገጠ፤ አየሁት። እጄን ልመልስ አልኩ። እማማ አስቴር ከበሩ ላይ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ቀጠልኩ። ቁልፎቹ በጣት ዳብሼ የምቆልፋቸው ስላልሆኑ ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ እያየሁ ነው የምሄደው። ስድስተኛው ላይ ትከሻዋ ወረደ። ሃያ አራተኛውን ስጨርስ ዞረችና ሰው ሁሉ እያየ ግራ እጄን ያዘች። ትንሿን ጣቴን ጨበጥ አድርጋ ቀስ ብላ "ይሰማሻል?" አለችኝ።

"አይሰማኝም" አልኳት። "ግን እያየሁሽ ነው።"

መድኃኒቱን በስድስት ወር ጨረስኩ። መቀሱን ያስቀመጠውን ድሬሰር ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ባለበት እግዚአብሔር ይስጠው። ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በጣታችሁ የምታድሩ፣ ስሙኝ። የነጣ ቦታ ሁሉ ቋቁቻ አይደለም። ዓይናችሁን ጨፍኑና በጥጥ አስነኩት፤ ካልተሰማችሁ ነገ ሳትሉ ሂዱ። መድኃኒቱን ስትጀምሩ የሚያም ነገር ቢመጣ ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ አታቋርጡ። እኔ ከስምንቱ ወር አንዱን እንኳ ባልዘገይ ትንሿ ጣቴ ዛሬ ትሰማ ይሆናል፤ ይቆጨኛል፣ ቁጭቱን አልደብቅም።

ያ ቀሚስ አሁንም አለ። ባለፈው ወር የሩት ልጅ ለሠርጓ ልትለካው ቤቴ መጣች፤ ሩት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየናለች። ልጅቷ ታሪኩን ሁሉ ታውቀዋለች። ፀጉሯን ወደ ፊት ሰብስባ ጀርባዋን ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ስይዝ አንገቷ ንቅንቅ አላለም።

"እማማ ዘነቡ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ፣ ታክሲው እየጠበቀ ነው!" አለችኝ።

አልቸኮልኩም። ሃያ አራቱንም አንድ በአንድ እያየሁ ቆለፍኩላት።