የታሰረችው ጨረቃ

የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ጠባቂ ዲፕሎማ የለውም። መምህራኑ «ፕሮፌሰር» ይሉታል፤ ግማሹ በቀልድ፣ ግማሹ በምቀኝነት። ከተጣሉ ኮምፒውተሮች አንዱን ጠግኖ፣ ፕሮግራም መጻፍን ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻው ተምሮ፣ ፀሐይንና ፕላኔቶቿን በስክሪን ላይ የሚያዞር ፕሮግራም ከሠራ ሦስት ዓመቱ ነው። ለወንበር መጋዘን ታስቦ የነበረው ክፍል በእጁ የቀረውም በዚሁ ፕሮግራም ነው።

ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሙ።

«ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። ያንተ ዓለም ግን ይንቀረፈፋል። አንድ ዓመት ለመዞር ሙሉ ክፍለ ጊዜ?»

«አርባ ደቂቃ ነው፣ ጌታዬ።»

«በአራት አድርገው። እንግዶቹ ካልተደሰቱ ክፍሉን ለወንበር እሰጠዋለሁ። ኋላ አልሰማሁም እንዳትል።»

ፕሮግራሙ የሚሠራው በእርምጃ ነው፤ ስበቱን ያሰላል፣ እያንዳንዱን አካል ጥቂት ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ያሰላል። አንዱ እርምጃ የአንድ ሰዓት ጉዞ ነበር። ጠባቂው አሥር ሰዓት አደረገውና ዓመቱ በአራት ደቂቃ ዞረ። ጨረቃ ግን በየእርምጃው ወደ ውጭ እያፈነገጠች፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ምድርን ጥላ ኮበለለች። እሱም አንዲት መስመር ጻፈ፦ ከራቀች መልሳት።

ማክሰኞ ርእሰ መምህሩ አይተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምረው ታላቅ እህቱ ግን መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰች።

«ጨረቃህን ምን ነካት? ገመዷ እንዳለቀባት ፍየል ትደነቃቀፋለች እኮ!»

«አንዲት መስመር ጨምሬ ነው፣ እትዬ። ስትርቅ ትመልሳታለች።»

«ታዲያ ምድር ምን ትሠራለች? ቁጭ ብላ ታያለች?»

«እንግዶቹ የት ያውቃሉ?»

«እንግዶቹማ ሐሙስን ውለው ይሄዳሉ። ተማሪዎቹ ናቸው ደብተራቸው ላይ የሚያሰፍሩት። ሳታውቅ ብትሳሳት ምንም አልልህም፤ አሁን ግን እያወቅህ ነው።»

ያላወቀ ሰው ይሳሳታል፤ ያወቀ ሰው ስህተቱን ቀለም ሲቀባ ግን ስሙ ሌላ ነው። ይህን ለመረዳት ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ ዲፕሎማ የደረደሩትም ሲስቱት አይተናል።

ያቺን መስመር ሰረዛትና ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመረ። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ነገሩ ተገለጠለት። ፕሮግራሙ አካሉን በአሮጌው ፍጥነት ካንቀሳቀሰ በኋላ ነበር ፍጥነቱን የሚያርመው። ሁለቱን መስመሮች አቀያየራቸው፤ ፍጥነት ቀደመ፣ ጉዞ ተከተለ። ጨረቃ ያለ ጠባቂ ቦታዋን ያዘች። ሦስት ዓመት ሙሉም ትንሽ በትንሽ ስትሸሽ እንደኖረች ያኔ ገባው። የምድርና የጨረቃን ስበት አንዴ ከምድር፣ አንዴ ከጨረቃ በኩል ሁለት ጊዜ ያሰላ እንደነበርም አየ፤ የሁሉንም ጥንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያሰላ አድርጎ ሥራውን በግማሽ ቀነሰለት። እርምጃውን ሁለት ሰዓት ሲያደርሰው ዓመቱ በአሥር ደቂቃ ዞረ። ከዚያ በላይ ሲያስረዝመው የሙሉ ጨረቃ ቀን መዛነፍ ስለጀመረ እዚያው ተወው።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። ርእሰ መምህሩ «አራት ደቂቃ ብቻ!» ብለው አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር። በአምስተኛው ደቂቃ አንዱ እንግዳ ሰዓቱን አየ፤ በስክሪኑ ላይ ሰኔ ሳይደርስ ሁሉም ወጡ።

ርእሰ መምህሩ ተመለሱ።

«የማክሰኞውን አምጣው። ለሚቀጥለው ጉብኝት ይሆነናል።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ቅጂውስ?»

«ቅጂውንም።»

«አብደሃል?»

«ጌታዬ፣ ጨረቃዋ ልክ አልነበረችም።»

«ጨረቃዋን ማን ጠየቀህ!»

ሰኞ ወንበሮቹ ገቡ። እህቱ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዘች፤ እሱ ሌላውን። ኮምፒውተሩን እንደተቀመጠ ተሸክመው ወደ ሒሳብ ክፍሏ ሄዱ።