በክርስትና ስሜ የጠራኝ ሌባ

ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ የወጣሁ ሌሊት ቤታችን ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። አባቴ ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ሲጸልዩልኝ፣ እናቴ ከኋላዬ ሻንጣዬ ውስጥ በሶ ትወትፋለች። «ጀርመንም እኮ ዱቄት አለ እማዬ» ብላት፣ «የነሱ ዱቄት ሆድ አይይዝም» አለችኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «የክርስትና ስምሽን ለማንም እንዳትናገሪ። ክፉ ሰው ስም ከያዘ አይለቅም» አለች። እሺ አልኳት። አይ እኔ፣ ለእሺማ ማን ብሎኝ!

ባሕር አላቋረጥኩም፣ በረሃ አልተንከራተትኩም፤ አልዋሻችሁም። ቋንቋቸውን ተምሬ፣ አረጋውያን ልንከባከብ ተቀጥሬ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። መከራዬ የጀመረው ከደረስኩ በኋላ ነው።

ብርዱን አልፈራሁትም፤ የአንኮበር ልጅ ብርድ ምኑ ነው! የኛ ብርድ ግን ሰው አለበት። «እስቲ ጠጋ በይ» እየተባባልን እሳት ዳር ነው የምናመሸው። እዚህ ቤቱ ይሞቃል፣ ሰው የለም። ሥራ ቦታ አሮጊቶቹ «ሽቬስተር» ይሉኛል። እህት ማለት ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካስ ነርሱን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሩት። አለቃዬ ደግሞ ትርንጎ ማለት ቢያቅታት «ቲና» አደረገችኝና አረፈችው። ቤተ ክርስቲያናችን ያለው በባቡር ሦስት ሰዓት ተሂዶ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ተረኛ ነኝ።

አንድ ክረምት አመመኝ። ውሃ የሚያቀብለኝ ሰው የለም። በስልኬ አንድ የጸሎት ቡድን ውስጥ ገባሁና፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው «ወለተ ሥላሴ ብላችሁ በጸሎት አስቡኝ» ብዬ ጻፍኩ። ለማንም አትናገሪ የተባልኩትን፣ ከነስልክ ቁጥሬ ለማላውቀው ሕዝብ! ጸሎት አይደል ብዬ ነው።

ከሰነበተ በኋላ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ወለተ ሥላሴ?» አለ አንድ ሰው፣ ከቅዳሴ የወጣ በሚመስል ለስላሳ ድምፅ።

ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ በዚህ ስም የጠራኝ አልነበረም። እንባዬ ዱብ አለ። «አቤት አባቴ» አልኩ።

«ደህና ነሽ ወይ ልጄ? እዚያ አገር ሰው አለሽ?»

ሰው አለሽ ወይ አለኝ እኮ! ሁሉን ዘረገፍኩለት፤ የአባቴን ማርጀት፣ ለጥር ሥላሴ ንግሥ አገሬ ልገባ መሆኔን። አዳመጠኝ። ከዚያ፣ «ስምሽ በዓመቱ ጸሎት እንዲካተት አሁን ስልክሽ ላይ አንድ ቁጥር ይደርስሻል፤ እሱን አንብቢልኝ» አለ። ቁጥሩ መጣ። ከሥሩ በጀርመንኛ «ለማንም አይስጡ» ይላል። አነበብኩለት። «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብሎ ዘጋ። ባርኮ የሚዘርፍ ሌባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ቁጥሩ ለካ የክፍያ አካውንቴ መክፈቻ ኖሯል። የትኬቴን ገንዘብ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ያጠራቀምኩትን፣ እዚያ ነበር ያስቀመጥኩት። ብከፍተው ባዶ! ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ ሳለቅስ እሱ ደግሞ ከአካውንቱ ጋር ካያያዝኩት የባንክ ሂሳቤ የቤት ኪራዬን ጨመረበት። ስለዚህ ስሙኝ፤ መጀመሪያ ቆልፉ፣ ከዚያ አልቅሱ። ወዲያው ደውላችሁ አካውንቱን አሳግዱ፣ ለባንኩም ንገሩ፣ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፣ የደወለላችሁን ቁጥርና መልእክቱን ሳታጠፉ ፖሊስ ጋ ሂዱ። እኔ ይህን ሁሉ ያደረግኩት በማግስቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ፖሊሱ ገና ልጅ እግር ነው። «ሌባውን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«እኔ አላውቀውም፣ እሱ ነው የሚያውቀኝ። በስሜ ጠራኝ።»

«ትርንጎ ብሎ?»

«ወለተ ሥላሴ ብሎ።»

ፓስፖርቴን ገለባበጠው። «ይህ ስም እዚህ የለም።»

«የክርስትና ስሜ ነው። በጸሎት ጊዜ ብቻ ነው የምጠራበት።»

«ስለዚህ ሁለት ስም አለሽ» ብሎ ጻፈ። «ሁለተኛውን ለመንግሥት አሳውቀሻል?»

«ኧረ ለጎረቤት እንኳን አላሳወቅኩም!»

ተሰርቄ ሄጄ ሌባ ልባል ምንም አልቀረኝ። አከራዬ ወይዘሮ ኬለር ደግሞ ኪራዩ እንደሚዘገይ ብነግራት፣ «እኔ ገንዘቤን ካልሲ ውስጥ ነው የማስቀምጠው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ትቆልፋለች።

ከባንኩ የወሰደውን ባንኩ መለሰልኝ፤ ተመስገን። የትኬቱን ገንዘብ ግን የክፍያ ድርጅቱ «እየመረመርን ነው» እያለ ከረመ። እናቴ በደወልኩ ቁጥር «ቀኑ አልተለወጠም አይደል?» ትለኛለች፤ ይመለስልኛል ብዬ «አልተለወጠም» እላታለሁ። ልገባ አንድ ቀን ሲቀረኝ መልስ መጣ። «ቁጥሩን በፈቃድዎ ስለሰጡ ገንዘቡን መመለስ አንችልም። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» ይግባኝ ብያለሁ፤ እናንተም ብትሆኑ በሉ፣ በአንድ እንቢታ አትመለሱ። ትኬት ግን በይግባኝ አይገዛም። ስልኬን አንስቼ ቤት ደወልኩ።

«እማዬ፣ አልመጣም።»

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«ገንዘቤን ሰረቁኝ።»

«ገንዘቡስ ይሂድ» አለች፣ «አባትሽ ግን ወጡ እኮ።»

«የት?»

«ደብረ ብርሃን ነዋ፣ ሊቀበሉሽ! ነገ እኮ ነው ብላቸው፣ መኪና አይታመንም፣ ቀድማም ትደርስ ይሆናል ብለው ማለዳ ተነሡ። እዚያ አገር ብርዳችንን ረስታዋለች ብለው ጋቢ ይዘውልሻል።»

አባቴ ስልክ አይዙም። መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው የአክስቴ ልጅ ደረጀ ጋ ደወልኩ። «አባዬን ፈልግልኝ፣ ጋቢ ይዘዋል» ስለው፣ «በዚህ ውርጭ ጋቢ ያልያዘ ማን አለ አንቺ?» አለና ስልኩን ሳይዘጋ ሄደ። የጥሩምባ ድምፅ ይሰማኛል፣ ረዳቱ «መዘዞ! መዘዞ! አንድ ሰው!» ይላል። ክፍሌ ውስጥ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

«አገኘኋቸው» አለ ደረጀ። «ከሚገባው መኪና ሁሉ የሚወርደውን ሰው እያዩ ቆመዋል። ኧረ እኔ አልነግራቸውም፣ ራስሽ ንገሪያቸው።»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ አባቴ፣ ሩቅ ላለ ሰው እንደሚጮኹት ጮክ ብለው፣ እየሳቁ፣ «ልጄ! የት ደረስሽ? የትኛው መኪና ላይ ነሽ?» አሉኝ።