በጀግናው ደረት ላይ የተጻፈው ስም

ዳንጊሶ እኔ በሠራሁት ጀግና ደረት ላይ የራሱን ስም ጻፈ። የኔን ስም እንዲጽፍልኝ ነበር የለመንኩት። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ አመንኩት።

ይህን ያስታወሰችኝ የልጄ ልጅ ናት። በዚህ መስከረም አዲስ ከተማ ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ጀግኖች ይዛ ቆመች። "ይሄኛው ፊቱ ያምራል፣ ግን ክርኑ አይታጠፍም። ያኛው ሁሉ ነገሩ ይታጠፋል፣ መልኩ ግን ያስጠላል። አባባ፣ የቱን ልውሰድ?" አለችኝ። እኔና ዳንጊሶም የተፎካከርነው በዚሁ ነበር።

በወጣትነታችን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ አብረን የዓሣ መረብ እንጠግን ነበር። ከሰዓት በኋላ ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ በሚያቃጥል ዳጣ በልተን፣ ጣታችን ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ቪዲዮ ቤት እንገባለን። እዚያ ጭንብል ለብሶ ከፎቅ ፎቅ የሚዘል ጀግና አየንና አበድን። ሁለታችንም ከእንጨት ቀረጽነው። የዳንጊሶ ቆንጆ ነበር፤ ከጀልባ በተረፈ ቀለም አስጊጦ ቀይ ካባ ደረበለት። ግን ድርቅ ያለ ነው። የኔ ፊቱ ድንች ይመስላል። ክርኑንና ጉልበቱን ግን በመረብ ክር፣ በመረብ ቋጠሮ አሰርኩት፤ እጁን ሽቅብ ብታነሣው እዚያው ይቀራል።

"ሌባው የሚሸሸው ፊቱን አይቶ ነው!" አለ ዳንጊሶ።

"ያንተስ? ቢደክመው እንኳ መቀመጥ አይችል!"

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ሙዘይን አገላብጠው አዩና የኔን አነሡ። "ደጃፌ ላይ የሚቆመው ይሄ ነው። ፊቱን ብቻ አንድ ነገር አድርጉት።"

ፊቱን ዳንጊሶ ሳለልኝ። "ስሜንም ጻፍልኝ" አልኩት። ጻፈ።

ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየመታኝ እየተመላለስኩ ስሜን አየሁ። መንገደኛውን እየጎተትኩ "የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አንብቡት!" እል ነበር። እያነበቡ ይስቃሉ። የተደሰቱልኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝ።

ጋሼ ሙዘይን ቤቱን ሲዘጉ ጀግናውን ሰጡኝ። ከዓመታት በኋላ፣ የልጆች አባት ሆኜ የማታ ትምህርት ገባሁ። ፊደል የለየሁ ሰሞን ከሣጥን አወጣሁትና አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ዳ፣ ን፣ ጊ፣ ሶ። ከዚያ ወዲያ ዳንጊሶን ሳየው መንገድ እቀይር ጀመር። እናቱ ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስኩም። ይሄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ለልጅቱ የሚታጠፈውን ገዛሁላት። በማግስቱ የኔን ጀግና በፌስታል ይዤ ዳንጊሶ ወደሚኖርበት ቡሹሎ ሄድኩ። ዳንጊሶ በቆሎው መሀል ነበር፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ጀግናውን ሲያይ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ቀንቼብህ ነው፣ በቀለ" አለኝ። "የኔ አምሮ ቆመ፤ ያንተ ሕይወት ነበረው። ፊቱን ስስል የኔ መሰለኝ።" ቢላዋ አወጣ። "ስጠኝ፣ ስሜን ልፋቀው።"

"ተው፤ ፊቱ ያንተ አይደል? ይልቅ ለእናትህ ስላልመጣሁ ይቅር በለኝ።"

ቢላዋውን አስቀመጠ። የጀግናውን እጅ ሽቅብ አነሣው። እዚያው ቀረ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ ዓይኑን ጠረገ።

ከስሙ ሥር ቦታ ነበር። እስክሪብቶ አወጣሁና በገዛ እጄ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ፣ "በቀለ" ብዬ ጻፍኩ። ቀኑንም ጨመርኩበት፤ ቅዳሜ፣ መስከረም ሃያ አራት።