መርዶ በከሰዓት

አገኘሁ ጎባ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ሸሽቶ ናይሮቢ ሲገባ የቀረው ንብረት ያ እንግሊዝኛው ብቻ ስለሆነ፣ ሁርሊንግሃም አካባቢ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቢሮ የአማርኛ አስተርጓሚ ሆነ። ቢሮዋ ከደርግ ያመለጡ ሰዎችን ቃል እየተቀበለች ወደ ጄኔቭ ትልካለች። ሥራው ግን ጊዜያዊ ነው፤ የሥራ ፈቃድ የለውም። ፖሊስ መንገድ ላይ «ኪፓንዴ!» እያለ መታወቂያ ሲጠይቅ ሁለት ጊዜ ተይዞ ጣቢያ አድሯል። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ የሺወርቅ እሱ በሰላም እስኪገባ እህል አይወርድላትም።

በ1972 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሃንሰን የሚባል ባለሙያ ሠራተኞቹን ሊያሠለጥን ከአውሮፓ መጣ። የፕሮጀክቱ ስም ረጅም ነው፤ ሲያጥር ግን የተበደለ ሰው ቃል እንዴት እንደሚመዘገብ ማስተማር ነበር። ለአገኘሁ ትርጉሙ ከዚያም ያጥራል፤ ሥልጠናውን ያለፈ ቋሚ ይሆናል፣ ፈቃድም ይወጣለታል።

ሃንሰን ክፉ ሰው አልነበረም። ሻይ ለሁሉም ራሱ ይቀዳል፤ የሰዉን ስም አስተካክሎ ለመጥራት ይደክማል። ሕጉ አንድ ነው፦ አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ባለጉዳዩ «እኔ» ካለ እሱም «እኔ» ይላል። ስለዚህ አገኘሁ «እኔ ታሰርኩ፣ እኔ ተገረፍኩ» ሲል ይውላል። ቤት ሲገባ የሺወርቅ በር ላይ ትቀበለዋለች።

«ዛሬስ ስንቴ ታሰርክልኝ?»

«ሦስቴ። አንዴ አምልጫለሁ።»

«እሰይ! በል እጅህን ታጠብ።»

የመጨረሻው ቀን ፈተና በእውነተኛ ባለጉዳይ ነበር። ባለጉዳይዋ ወይዘሮ ጌጤ ናቸው፤ ከዲላ በሞያሌ አድርገው ከገቡ ወር አልሞላቸውም። ቢሮው ደብዳቤ ጽፎ የታሰረ ልጃቸውን ሥዩምን የሚያስፈታላቸው መስሏቸው ነው የመጡት። ከምሳ በኋላ ገብተው ተቀመጡና አገኘሁን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የአቶ ደስታ። የጎባ ሰው ነኝ፣ እትዬ።»

«ጎሽ። እንግዲህ ወንድሜ፣ ለፈረንጁ ደህና አድርገህ ንገርልኝ። ልጄ ጨዋ ነው፤ ቀና ብሎ ሰው አያይም። ዓመት ሙሉ ስንቅ አመላለስኩ። መጋቢት ላይ ስንቁን መለሱልኝ። ተዛውሯል አሉ። ወዴት ብል፣ ሂጂ ቤትሽ አሉኝ።»

አገኘሁ ተረጎመ። የስንቅ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ወይዘሮ ጌጤ ብቻ ተዛውሯል መባሉን አምነዋል። እሱ ግን አልጨመረም።

ሃንሰን ፋይሉን ገለጠ። ከእስር ቤት በድብቅ የወጣ የስም ዝርዝር ነበረው፤ ሥዩም በመጋቢት ከተረሸኑት ውስጥ ተጽፏል።

«ልጇ መገደሉን ማን እንደነገራት ጠይቅልኝ» አለ።

አገኘሁ ደነገጠ። «አያውቁም» አለ በእንግሊዝኛ። «በእኛ አገር እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተይዞ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው የሚረዱት። ለነገ ይቆይ። እኔ ራሴ ሰው ይዤ እሄዳለሁ።»

«የማወቅ መብት አላት። አንተ እዚህ ሽማግሌ አይደለህም፣ አገኘሁ።» ሃንሰን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምመዝንህም በዚህ ነው።»

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ ጌጤ። «ይፈታል?»

አገኘሁ የጣቢያውን ሲሚንቶ አሰበ። የሺወርቅን አሰበ።

«ልጅዎ መገደሉን ማን ነገረዎት?» አላቸው።

ወዲያው አልጮኹም። «የማን ልጅ?» አሉ። ከዚያ ተነሱና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጠቁ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ወንበሩ ጉልበታቸውን ይመታል። እጃቸውን የሚይዝ ሴት የለም፣ አብሮ የሚጮህ ጎረቤት የለም። ብቻቸውን ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ።

ሃንሰን ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ምን ትላለች?» አለ።

«ምነው እኔን በቀበሩኝ» አለ አገኘሁ በእንግሊዝኛ። «ስንቅህን ስሸከም አንተ አፈር ለብሰህ» አለ። ሃንሰን ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን አገኘሁ ከየሺወርቅ ጋር ለቅሶ ደረሰ። ወይዘሮ ጌጤን ያስጠጋቻቸው ራሂማ የምትባል፣ ስደተኛው የሚበዛበት የኢስትሌይ ሰፈር ነጋዴ ናት፤ የጨርቅ ጥቅሎቿን ወደ ጓዳ አስገብታ ምንጣፍ አንጥፋለች። ወንዶቹ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ያናገረው ግን የለም።

ወይዘሮ ጌጤ አጠገባቸው ጠሩት።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሥራዬ ሆኖብኝ ነው።»

«አልረገምኩህም» አሉት። ድምፃቸው ሰልሏል። «የገደሉትን ግን አላየኋቸውም። ልጄ ትዝ ባለኝ ቁጥር የሚመጣብኝ ያንተ ፊት ነው። ምን ላድርግ?»

የሥራ ፈቃዱ በኅዳር ወጣ። የሺወርቅ ለፈቃዱ ፕላስቲክ መያዣ ሰፋችለት። ከኢስትሌይ የሚመጡ ባለጉዳዮች ግን ተራቸው ደርሶ ሲያዩት ሌላ አስተርጓሚ እንዳለ ይጠይቃሉ። የለም ሲባሉ አንዳንዶቹ ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ የሚበዙት ደረጃውን ወርደው ይሄዳሉ።