ዶክተር ጀላል ወዳጃ የገባ ሳምንት

ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም. ወንድሜ ዶክተር ጀላል እንድሪስ ደሴ ዙሪያ በአንዲት መንደር የጀመረው የኩፍኝ ክትባት ግማሽ ላይ ቆመ። ያልተከተቡት ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር እስኪመሽ ጠብቀው ተመለሱ።

በድርቁ ጊዜ ኮምቦልቻ መጠለያ ሐኪም ነበር። ለሰፈራ ከሚጫነው ሕዝብ ሕመምተኞቹን ለይቶ መንገድ አይችሉም ይላል፤ ካድሬዎቹ ይጭኗቸዋል። መንገድ ላይ የተቀበሩ እንዳሉ ሰማ። ፓርቲው አባል ሁን ሲለው እሺ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ከውስጥ ሆኜ ብናገር ይሰሙኛል አለኝ። ኮሚቴ ውስጥ ገባ፣ ካኪ ለበሰ። እውነትም ሰሙት፤ ሕመምተኞች ከመኪና ይወርዱ ጀመር።

ገበሬው ያየው ካኪውን ብቻ ነው። መንደሯ ውስጥ ኩፍኝ ሲገባ የክትባቱ መርፌ የሰፈራ መመዝገቢያ ነው ተባለና እናቶች ልጆቻቸውን ደበቁ። ልጆች ሞቱ።

ጀላል የመንደሩን ሼህ፣ ሼህ አብዱልወሀብን፣ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቃቸው። የራቀህ ሰው በስብሰባ አይመለስም፣ ወዳጃ ግባ አሉት። ወዳጃ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው፤ እዚያ መንደር ክርስቲያኑም ይገባል። ለፓርቲ አባል ክልክል መሆኑን ጀላል ያውቃል። ሐሙስ ገባ፤ በር አጠገብ ተቀመጠ።

ኩፍኝ ልጅ የነጠቃት ኡሙሰልማ አየችው።

«ካድሬም ዱዓ ያምረዋል?»

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«አፉ በሉኝ። ልጆቹን አምጡልኝ።»

ሼሁ መረቁት። ከዚያ ኡሙሰልማ ተናገረች።

«የቀረችኝን አመጣለሁ። ብትወስድብኝ ግን ነገ አላህ ፊት አለቅህም።»

ክትባቱ እስኪመጣ ተጠብቆ በሳምንቱ ረቡዕ ተጀመረ። ኡሙሰልማ ቀድማ መጣች፤ ልጇ ተከተበች። ከቀትር በፊት መኪና መጥቶ ጀላልን ወሰደው። ወዳጃ መግባቱን ማን እንደነገረ ማጣራት አልቻልኩም። የት እንዳደረሱት የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም።

ከመወሰዱ በፊት በነበረው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በማግስቱ ወደ መንደሯ መንገድ ስላለበት፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወርዶ ጫማ ሰፊው ዘንድ የሰነበተውን የእናታችንን ጫማ ተቀበለ። ሆጤ ሰፈር ቤታችን አምጥቶ እግሯ ላይ አጠለቀላት። ግራው ይጠብቃል አለች። ሲለበስ ይለቃል አላት።